ስኖው ለአንተ፣ ሲኖ ለእኔ

ሰማችሁት አይደል? ስልኩን ላውድ ላይ አድርጌዋለሁና መካድ የለም፤ ቡና ቤቱ ሙሉ ምስክር ነው። የአክስቴ ልጅ ነው። የሚኖረው ሚኒያፖሊስ ነው። እናቱ ያወጣችለት ስም ነበረው፤ ከዛሬ ጀምሮ ግን ጋሽ በረዶ ብዬዋለሁ። ምን አለ? «የመተማ ባለሙያ ሰነፍ ነው። ክረምት ሲገባ መዶሻውን ሰቅሎ ይተኛል። እዚህ ግንበኛው፣ ጣሪያ ሠሪው፣ አስፋልት አንጣፊው ክረምት ሲመጣ ፒክአፑ አፍንጫ ላይ እንደ ግሬደር ያለ ምላጭ ይገጥምና በረዶ ያርሳል።»

ያርሳል አላችሁ!

መተማ እንኳ መታማት ለምዳለች፤ እሱ አይደንቀኝም። የደነቀኝ እርሻው ነው። እሺ ጋሽ በረዶ፣ አረስክ። ከዚያስ? ምን ዘራህ? ስንት ኩንታል ወጣልህ? ጎተራህ የት ነው? አይጥ እንኳ ያልጎመጀበት አዝመራ! እኔ የማውቀው ገበሬ ያረሰው ይበቅልለታል፤ ያንተ ይቀልጥብሃል። አያታችን ይህን ቢሰሙ «ልጁ በሬ አጣ ወይስ መሬት?» ብለው ይጠይቁ ነበር። መልሱ «ልብ አጥቶ ነው» የሚል ነው፤ ግን ሩቅ አገር ላለ ዘመድ እንዲህ አይባልም ብዬ ተውኩት።

ደግሞ «አራሽ ነኝ» ስትል ጆሮዬ «አራስ ነኝ» ያልክ መሰለው። ጆሮዬም አልተሳሳተም። ባለፈው በቪዲዮ ሳይህ ከራስህ እስከ እግርህ ተጠቅልለህ፣ አፍንጫህ ብቻ ወጥታ፣ ትኩስ ነገር በሁለት እጅህ ታቅፈህ ነበር። የጎደለህ ገንፎና ቅቤ ነው። እንኳን ማርያም ማረችህ!

አንተ በረዶ፣ እኛ በረሃ። በፊደል የምንለያየው በአንዲት ናት፤ በዲግሪ ግን አያድርስ። አንተ ጋ ማይነስ 30 ሲሆን ትደውልና ታለቅሳለህ። እኛ ጋ ሚያዝያ ላይ 40 ሲያልፍ ማንም ለማንም አይደውልም፤ ስልኩ ራሱ ጆሮ ያቃጥላል። ለነገሩ ከማይነስ ጋር የተዋወቃችሁት አሜሪካ አይደለም፤ የሰባተኛ ክፍል የሒሳብ ደብተርህ ምስክር ነው።

ክረምት ክረምት ትላለህ። የቱን ክረምት? ክረምት ማለት ሰኔ ገብቶ መስከረም የሚወጣው ነው። አንተ ክረምት የምትለው ከኅዳር እስከ መጋቢት ያለውን ነው። ያ እኮ በአገሩ ስሙ በጋ ነው! እኛ ሰሊጥ ወቅተን፣ ሸጠን፣ ልጅ ድረን፣ ሠርግ ላይ ስንጨፍር አንተ በር ላይ አካፋ ይዘህ ትቆማለህ። በጋውን ክረምት አልከው፣ መጥረጉን ማረስ አልከው፣ መንሸራተቱን ሥራ አልከው። ከበረዶው ጋር ቋንቋውንም ጠርገኸው ሄድክ እኮ!

አሁን ተኛ ወዳልከው ባለሙያ ልምጣ። መተማ ውስጥ እኛ ያለንበት ከተማ ስሙ ገንዳ ውሃ ነው። ገንዳ ውሃ ውስጥ ክረምት የሚተኛ ሰው ይንሳፈፋል እንጂ አያንቀላፋም።

እውነት ነው፣ ሰኔ ሲጋመስ ግንባታ ይቆማል። ለምን እንደሚቆም ባታውቅ አልፈርድብህም፤ ያረጀኸው አስፋልት ላይ ነው። አፈራችን ዋልካ ነው። ጥቁር፣ ወፍራም፣ ኩሩ አፈር። በበጋ ውሃ ሲያጣ ተሰነጣጥቆ ክንድ ያስገባል። ክረምት ጠጥቶ ሲጠግብ ደግሞ ያብጣል፤ መሠረት ይገፋል፣ ግድግዳ ይሰነጥቃል፣ በር ያጣምማል። የአሸዋ መኪና አይገባም፤ ከገባም አይወጣም። ትናንት የለሰንከው ግድግዳ ዛሬ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅሃል። እኔ ለሳኝ ነኝ፤ ሐምሌ ላይ የለሰንኩትን ነሐሴ ላይ በባልዲ የሰበሰብኩ ሰው ነኝ። (የቤቱ ባለቤት እስካሁን ሰላም አይለኝም። እውነቱን ነው።) ይህን አፈር መረሬ የሚሉትም አሉ። አፈሩ መረሬ ቢሆንም እኛ አንመርም።

ታዲያ ተኛን? በያጁ ሌሊቱን የትራክተር ዲስክ ሲበይድ ያድራል፤ በእርሻ ወቅት ብረት የማይሰበርበት ሌሊት የለም። አናጢው የእርሻ ካምፕ ቆርቆሮ ይመታል። ቀለም ቀቢው ብሩሹን አስቀምጦ የኬሚካል መርጫ ያዝላል፤ ግድግዳውን በአረም ለወጠው እንጂ ሥራው ያው ነው። ኤሌክትሪሺያኑ መብራት ሲጠፋ ይጠራል፤ ሁልጊዜ ይጠራል ማለት ነው። ፌራዮው ብረት ማጠፉን ትቶ ወገቡን አጥፎ ሰሊጥ ያርማል። ካቦውስ? በበጋ ሃያ ሰው የሚያዝ ካቦ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ካቮ፣ ያን የብረት መጎተቻ ገመድ፣ ይዞ ይዞራል። በፊደል ከ«ቦ» ወደ «ቮ» ተዛወረ፤ በገቢ ግን ከፍ አለ!

ያልገባህ ይህ ካቮ ነው፣ ጋሽ በረዶ። ክረምት ላይ ካቮ ያለው፣ ሰንሰለት ያለው፣ ከሁሉም በላይ ትራክተር ያለው፣ ከሌለውም የትራክተር ሾፌር ወዳጅ ያለው ሰው ቀለቡ ተሰፍሯል። እናንተ ስኖው ትጠርጋላችሁ፤ እኛ ጭቃ የዋጠውን የጭነት መኪና፣ ሲኖን፣ እናወጣለን። ከአዘዞ መተማ ያለው መንገድ አስፋልት በመሆኑ ሥራችን ቀንሷል፤ እግዜር ይስጥልን አስፋልቱ የሚያልቅበት ቦታ አለ።

ና አንድ ቀን ላሳይህ። ነሐሴ ነው፤ ጠዋት። ከገንዳ ውሃ ወደ ገለጎ በሚወስደው መንገድ ላይ ሲኖው በግራ ጎኑ አዘንብሎ ተኝቷል። የተኛው ሲኖው ነው፤ ባለሙያው አይደለም፤ ልዩነቱን ያዝ። ሾፌሩ ገና «ይወጣል» ይላል። ነዳጅ ይሰጣል። ጎማው ይሽከረከራል። ጭቃው ይረጫል። ረዳቱ ከኋላ ሲገፋ ቆይቶ ከጥርሱ በስተቀር የሚታይ ነገር የለውም። ሾፌሩ አንድ ጊዜ ነዳጅ በሰጠ ቁጥር መኪናው አንድ ጣት ይወርዳል። እኛ ድንጋይ ላይ ተቀምጠናል። አንናገርም። የሙያው የመጀመሪያ ሕግ ይህ ነው፤ ሳይጠሩህ የሄድክ እንደሆነ ዋጋህም አብሮህ ይሰምጣል።

ሁለተኛው ሕግ፣ «ስንት ትላላችሁ?» ሲልህ መኪናውን አትይ። ሰማዩን እይ። በሽንፋ በኩል ደመና ከተሰበሰበ ዋጋው በስሏል። ሾፌሩም ቀና ብሎ ያየዋል፤ ያኔ ክርክር ያበቃል።

ከዚያ ሥራ። ጫማ ይወልቃል፤ ዋልካ ጫማ ይበላል፤ ከነነፍሱ የዋጠው ቦት ጫማ አሁንም እዚያው አለ። ሱሪ እስከ ጉልበት ይጠቀለላል። የጎማው ፊት በአካፋ ይከፈታል፤ ጭቃው ደግሞ አካፋውን አለቅም ስለሚል በየጊዜው በእንጨት ትፍቀዋለህ። ድንጋይ ትጥላለህ፣ ቅርንጫፍ ታነጥፋለህ። ካቮውን ሻንሲው ላይ ታስራለህ እንጂ ባምፐሩ ላይ አታስርም፤ ባምፐሩ ላይ ካሰርክ ባምፐሩ ብቻውን ይመጣል። መጥቶም ያውቃል። ትራክተሩ በዝቅተኛ ማርሽ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ካቮው እንደ ክራር ክር ሲወጠር ሰው ሁሉ ይሸሻል፤ የተበጠሰ ካቮ ዘመድ አይለይም። ትንሽ ዝም ይላል። ከዚያ ዋልካው «ጷ» ብሎ ይለቃል፤ ጉንጭ እንደሚስም አክስት። ያን ድምፅ አንድ ቀን ብትሰማው ምላጭህን ሸጠህ ትመጣለህ።

አንተ በኢንች አስከፍላለሁ አልከኝ። ሁለት ኢንች ሲሞላ ነው የምትነሳው። ሁለት ኢንች ማለት እኮ 5 ሴንቲሜትር ነው! እኛ ጋ 5 ሴንቲሜትር ጭቃ ጭቃ አይባልም፤ የረጠበ አቧራ ነው። የእኛ ታሪፍ ለማንም ግልጽ ነው፤ እስከ ቸርኬ፣ እስከ አክሰል፣ እስከ ሻንሲ። ከሻንሲ ካለፈ የምንጠራው ትራክተር ሳይሆን ቄስ ነው።

ምን አልክ? ጮክ በል፣ ሰው ይስማህ! «ጉድጓዱን ማታ ማታ ራሳችሁ ታሰፉታላችሁ ይባላል»? ማን አለ? ሾፌር! ሾፌር ደግሞ ምን የማይለው አለ፤ ከአንድ ሰዓት በፊት «ይወጣል» ሲል አልነበረም? እኔ ሲቆፈር አላየሁም። ማታ ማታ ጨለማ ነው።

አንተስ? አንተ አስፋልት ላይ ጨው ትበትናለህ! እናንተ ሰዎች፣ ሰማችሁ? ጨው! አባቶቻችን አሞሌ ጨው ይዘው እንደ ብር የተገበያዩበትን፣ ግመልና በቅሎ ስንት አገር ያቋረጠበትን፣ ይህ ልጅ ለመኪና ጎማ ይነሰንሰዋል። ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ያለው ሰው ይህን ቢያይ ተረቱን ይሰርዘው ነበር። ያውም ቅዝቃዜው ከማይነስ 9 ገደማ ሲወርድ ተራው ጨው እጅ ይሰጣል፤ አንተ ያለኸው ማይነስ 30 በሚያይ አገር! ቀሪው ጨው መኪናህ ሆድ ሥር ገብቶ ብረቱን በዝገት ይበላዋል። ዝገቱን ማን ይበይደዋል? በያጁ። የትኛው በያጅ? ያው ጨው ሲበትን የከረመው። አየህ፣ እናንተም ጉድጓዳችሁን ትቆፍራላችሁ፤ እናንተ መኪና ላይ፣ እኛ መንገድ ላይ። ማለቴ... እኛ አንቆፍርም።

ጭቃንም አትናቅ። በእኛ አገር ጭቃ ሹመት ነበር፤ ጭቃ ሹም ሲመጣ ሰው ከተቀመጠበት ይነሳ ነበር። በረዶ ሹም ሲባል የሰማ አለ? የለም። በረዶ የሚሾም ቀርቶ የሚቆም ነገር አይደለም፤ ፀሐይ ስታየው ሥልጣን ይለቃል።

ተናደደ! አሁን ደግሞ «እኛ እኮ ለበረዶ መጥረጊያ መኪና እንኳ ስም እናወጣለን» አለኝ። እውነቱን ነው፣ አልዋሸም። ሚኒያፖሊስ ያለችበት የሚኒሶታ ግዛት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሕዝብ ድምፅ እየሰጠ ለመኪኖቹ ስም ያወጣል። አንዷ በዘፋኟ በቴይለር ስዊፍት ስም ተቀልዶ «ቴይለር ድሪፍት» ተብላለች፤ ድሪፍት ነፋስ የከመረው በረዶ ነው አሉ። እኔ ድሪቶ መስሎኝ ነበር። ታዲያ ይህ ያኮራል? አያታችን በሬያቸውን «ቦራ» ሲሉ ምርጫ ቦርድ አላቋቋሙም። ቦራ ደግሞ ሲጠሩት ዞር ይል ነበር። እስቲ አንተ ቴይለር ድሪፍትን ጥራት፤ ዞር ካለች እኔም ሚኒሶታ ወርጄ አብሬህ አርሳለሁ።

ካናዳ ያለው ታናሽህ ደግሞ ይመስክር። በፈረንጆቹ ጥር 1999 ቶሮንቶ በረዶ በዝቶባት ከንቲባው ሜል ላስትማን ጦር ሠራዊት ጠሩ። ለበረዶ! ወታደር አካፋ ይዞ ዘመተ። መተማ ጦር የምታውቀው በሌላ ጉዳይ ነው። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 የወደቁት እዚህ ነው፤ የድንበሯ ከተማም እስከ ዛሬ ስማቸውን ይዛ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። እዚህ አገር ጦር የሚጠራበት ነገር ክብደት አለው። ሲኖ ሲሰምጥማ ክፍለ ጦር አንጠራም፤ የምንጠራው ካቦውን ነው። ከነካቮው።

በረዶውን ራሱን ደግሞ አዲስ ነገር አስመሰልከው። የስሜን ተራራ እኮ ጎረቤታችን ነው! አዱሊስ ወደብ ላይ የአንድ ንጉሥ የድል ጽሑፍ በግሪክኛ ተቀርፆ ነበር፤ ኮስማስ የሚባል ነጋዴ በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገልብጦ ባያቆየው ጠፍቶ ይቀር ነበር። እዚያ ላይ ስለ ስሜን ተራሮች ሲያወራ ሰው እስከ ጉልበቱ የሚሰምጥበት በረዶ ይላል። ሚኒያፖሊስ ያኔ ሐሳብም አልነበረችም። ንጉሡ በረዶውን አየ፣ ዘመተ፣ አስገበረ፣ ተመለሰ። አላረሰውም። ጤነኛ ሰው ነበር።

እርሻህ ደግሞ ሰማይ ላይ የተንጠለጠለ እንጀራ ነው። በፈረንጆቹ 2023/24 ክረምት ሚኒሶታ ሙቀት መመዝገብ ከጀመረች ወዲህ እንደዚያ ያለ ሞቃት ክረምት አላየችም። በረዶው ቀረ። ምላጩ ግን ተገዝቷል። የመኪናው ዕዳ አለ። ኢንሹራንሱ አለ፤ ጠርገህ በሄድክበት ደጃፍ ሰው አዳልጦት ቢወድቅ የምትከሰሰው አንተ ነህና። (የእኛ ኢንሹራንስ አጎበር ነው፤ የወባ ትንኝ ግን ፍርድ ቤት አትወስድህም፣ በቀጥታ ትፈርድብሃለች።) ታዲያ ያን ክረምት ጋሽ በረዶ የት ነበር? ስልኩ አይሠራም ነበር! ሦስት ወር መስኮት ሥር ተቀምጦ ወደ ሰማይ ሲያይ ከረመ። በአገሩ ሰው «ከበረዶ ሰውረን» ይላል፤ ሰብል ያወድማላ! እሱ «በረዶ አውርድ» እያለ ተሳለ። በዓለም ላይ ለበረዶ ሻማ ያበራ ጎንደሬ ይኸው በመስመር ላይ አለ። ከርሞ ብቅ አለ፤ እንደ ከርሞ ጥጃ፣ ሳያድግ።

«እናንተስ ዝናብ ከቀረ ጭቃው አይቀርም?» አለ። ልክ ነው፣ ይቀራል። አንዲት ነጥብ ሰጥቼሃለሁ፤ ቆጥበህ ተጠቀምባት። ግን ዝናብ ከቀረ ሲኖው ብቻ አይደለም የሚድነው፤ ሰሊጡም አይበቅልም፤ ስለዚህ ሁላችንም አብረን እናለቅሳለን፤ ሾፌሩም፣ ካቦውም፣ ባለሀብቱም። ዝናብ ሲኖር ደግሞ እኔ ነሐሴ ላይ ከጭቃ ያወጣሁት ሲኖ ኅዳር ላይ ሰሊጥ ጭኖ በፊቴ ያልፋል። ያ ሰሊጥ ገና ሳይረግፍ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ሂላ ተደርጎ ቆሞ ደርቆ፣ ሸራ ላይ ተራግፎ የመጣ ነው። ምርት ገበያ ሲገባ የሁመራ ጎንደር ሰሊጥ ተብሎ በስሙ ይጠራል። ያንተ በረዶ ተጭኖ የሄደበት ገበያ የት ነው? አንተ ሰልጥነሃል፤ እኛ ሰሊጥ አለን። እስቲ ሥልጣኔህን ጨምቀህ ዘይት አውጣልን!

ድሮ ከሱዳን፣ ከገላባት ማዶ የሚመጣ ሾፌርም ነበር። ዋጋ ስንነግረው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ተማም» ይላል፤ ተቆረጠ ማለት ነው። መተማ ላይ «ተማም» ስትባል አገሩ ራሱ የሚመልስልህ ይመስላል። ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ከተነሳበት ከሚያዝያ 2015 ወዲህ ያ ድምፅ ራቀኝ። አንድ ቀን ቢመጣ በነፃ አወጣዋለሁ። ይህ ተረብ አይደለም፤ እለፉት።

ቆይ፣ ጡሩምባ። ሰማችሁ? አንዴ ረጅም፣ ሁለቴ አጭር። ይሄ ገና «ይወጣል» የሚል ጡሩምባ ነው። እኔም ገና ቡናዬን አልጨረስኩም፤ አንቺ እህቴ፣ ሁለተኛዋን ቅጂልኝ። ጋሽ በረዶ፣ ያለህበት ነህ? ምን ዝም አሰኘህ፣ በረደህ?

አሁን ሰማችሁ? ረጅም፣ ሳያቋርጥ። «ኑልኝ» ነው። አክሰሉን አልፏል፤ እምላለሁ ከድምፁ አውቀዋለሁ። አንተ ስልኩን አትዝጋ፤ እስከ የት እንደገባ ልይና እነግርሃለሁ። ደመናው በየት በኩል ነው? በሽንፋ? እሰይ። ካቮዋን አቀብሉኝማ!